ለመዝገብ ቁጥር 114 የተሰጡ አሥር ሙከራዎች

1.

አልተቀበለም።

ቀሪ ሙከራ፦ 9


2.

ከመሃል ገባሁባችሁ፤ ይቅርታ። ሸዋንግዛው እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ እኔ ብቻ ነኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ነበረ፣ እሱም ተቃጠለ። የማሳደጊያውን ስም አልነግራችሁም። ለምን እንደማልነግራችሁ እየቆየ ይገባችኋል፤ ካልገባችሁም እንግዲህ ምን ላድርግ።

በቁጥር የምጽፈው አልያያዝ ስላለኝ ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሁለት ነገር አስከትዬ ማሰብ አቅቶኛል። አንዱን አስቀምጣለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።


3.

እልፍነሽ። ባለቤቴ። የማሳደጊያው ሥራ አስኪያጅ ነበረች፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። በኅዳር ወር ሦስት ሳምንት ታማ ሞተች።

ምንም አልተሰማኝም። ሰው ሁሉ «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ይለኛል። ምኑ ነው የሚወጣልኝ? ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳስብ የነበረው የፕሮጀክተሩን ገመድ ማን ወስዶት ይሆን የሚለውን ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ።


4. ለሠራተኞች ከሰጠሁት ሥልጠና የተቀነጨበ

የይለፍ ቃልህ የልጅህ ስም አይሁን። የሚስትህም። የታቦትህም።

1234 የይለፍ ቃል አይደለም። (ወጥ ቤት ያላችሁ፣ ሳቁን ተዉት፤ ለእናንተም ነው።)

የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ገጣጥም። ረጅም ይሁን። ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪቦርድ ሥር አትደብቅ፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው።

አንድ ቁልፍ አይበቃም። አንዱ በጭንቅላትህ፣ አንዱ በእጅህ ይሁን። በጭንቅላትህ ያለው የይለፍ ቃሉ ነው። በእጅህ ያለው ስልክህ ነው፤ ስልክህ ላይ በየሠላሳ ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ስድስት አኃዝ ኮድ ይታያል። ስልኩና ኮምፒውተሩ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ሁለቱም ሰዓታቸውን አይተው፣ ከሰዓቱ ተነስተው፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። በቃ።

አሥር ጊዜ ከተሳሳትክ ሰነዱን የሚፈታው ቁልፍ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ሰነዱ ለዘላለም የማይነበብ ዝርክርክ ነው። እኔም አልከፍተውም። ማንም አይከፍተውም።

ጥያቄ ያለው?

እልፍነሽ ብቻ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። «ሰው ቢሞትስ?» አለች።

«መመሪያ ይወጣለታል» አልኳት።

አልወጣለትም።


5.

የተቆለፈው ምንድን ነው? የእናቶች ስም ነው።

ልጇን የምትሰጥ ሴት ሁልጊዜ ጥላ አትሮጥም። አንዳንዷ ትገባለች፣ ትቀመጣለች። እልፍነሽ በሩን ትዘጋና ውሃ ትሰጣታለች። ከዚያ ትጠይቃታለች፤ ስሟን፣ አገሯን፣ አባቷን፣ አያቷን፣ እስከምታውቀው ድረስ። ቃልም ትገባላታለች፦ ይሄን የሚያየው ልጅሽ ብቻ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ራሱ መጥቶ ከጠየቀ። ባል አያይም። ዘመድ አያይም። ሠራተኛ አያይም።

እኔም አላይም።

ሁለት መቶ ስድስት እናቶች አሉ። ድሮ የእልፍነሽ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በወረቀት መዝገብ ነበር የሚቀመጡት።


6.

[ይህን ቁጥር ጽፌው ነበር። ቁም ሣጥኑ ሳይቆለፍ ስለዋለበት ቀን፣ መዝገቡን ገልጦ ስላነበበው ሰው፣ ከዚያም ስለ አንዲት ሴትና ስለ ባሏ ነበር። ደመሰስኩት። ሴትዮዋ በሕይወት አለች፤ በዚህ ከተማ ገበያ ትወጣለች። ከፊቷ ላይ ያለውን ነገር አይታችሁ እንድታውቋት አልፈልግም።]

እልፍነሽ ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው ወደ ክፍሌ ገብታ «ማንም የማይከፍተው አድርገህ ቆልፍልኝ» ያለችኝ።

ቆለፍኩላት። ጎበዝ ነኝ በዚህ።


7. የመረጃ መጠየቂያ ቅጽ

የጠያቂ ስም፦ እታገኝ

ዕድሜ፦ 19

ሥራ፦ ልብስ ስፌት

መዝገብ ቁጥር፦ 114

የሚፈለገው መረጃ፦ የእናቴ ስም

የተፈለገበት ምክንያት፦ ~~ለጋብቻ~~ ለእኔ


8.

እታገኝ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው ያደገችው። ከአምና ጀምሮ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ትሰፋለች። ዳምጠው የሚባል አናጢ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፤ በየካቲት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሚላከው ወደ ወላጅ አይደል? እልፍነሽ ስለሌለች በወላጅ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም ነበር፤ ለስላሳ ከፍቼ ሰጠኋቸው።

የዳምጠው አጎት ጨዋ ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ልጅቷን ወደናታል። ግን ሰባት ቤት ሳንቆጥር አይሆንም። አገሩ ጠባብ ነው። ወንድምና እህት አጋብተን ኋላ ምን ሊውጠን ነው? ለሆሳዕና እንመለሳለን። እናንተም የልጅቷን ወገን ቆጥራችሁ ጠብቁን።»

እታገኝ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ገብታ ቅጹን ሞላች።

«ሰባቱ ይቅርብኝ ጋሼ» አለችኝ። «አንድ ቤት እንኳን አልቆጥርም እኮ። አንድ!»


9. የስልክ ንግግር፣ የመጀመሪያው ሙከራ

(የይለፍ ቃሉ ከቦርዱ ካዝና፣ ከታሸገ ፖስታ ውስጥ ወጥቷል። ኮዱ ያለበት የእልፍነሽ ስልክ ደግሞ እናቷ ጋ፣ ደብረ ሲና ነው። እማማ ፈለቀች ሆስፒታል ሲያስታምሟት ስልኩ እጃቸው ላይ ቀረ። የሚደውሉት በራሳቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።)

እኔ፦ እማማ፣ እንደምን ዋሉ?

እማማ ፈለቀች፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ እንዴት ነህ ልጄ? ትበላለህ?

እኔ፦ እበላለሁ። የእልፍነሽ ስልክ አጠገብዎ አለ?

እማማ ፈለቀች፦ የት ይሄዳል? እጄ ላይ ነው።

እኔ፦ ቁልፍ የምትመስለውን ሥዕል ይንኩልኝ።

እማማ ፈለቀች፦ ነካኋት።

እኔ፦ ስድስት ቁጥር መጣ?

እማማ ፈለቀች፦ መጣ። ከጎኑም የምትዞር ነገር አለች።

እኔ፦ እሷ ዞራ ሳትጨርስ ያንብቡልኝ።

እማማ ፈለቀች፦ አራት።

እኔ፦ እሺ።

እማማ ፈለቀች፦ ዜሮ። ቆይ፣ መነጽሬን።

እኔ፦ እማማ፣ ሠላሳ ሴኮንድ ነው ያለን።

እማማ ፈለቀች፦ አይ እናንተ! ሰው በሠላሳ ሴኮንድ ምን ይሠራል? ሰባት። ዘጠኝ። ውይ!

እኔ፦ ምነው?

እማማ ፈለቀች፦ ሄደ። ሌላ መጣ። ምነው ሳያነቡት ይሸሻል?

እኔ፦ ከአዲሱ ይጀምሩ።

(አነበቡልኝ። አስገባሁት።)

እማማ ፈለቀች፦ እሺ አለ?

እኔ፦ አላለም።

እማማ ፈለቀች፦ እኔ ይሆናል ያበላሸሁት። መቼ ትመጣለህ?

እኔ፦ ሥራ በዝቶብኝ ነው።


10.

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። ጣርማ በርን ካለፉ በኋላ ቁልቁል ነው። ከአርባው ተዝካር ወዲህ አልሄድኩም።

ስልኩን እንዲልኩልኝ ለምኛቸው ነበር። «ስልኩን?» አሉኝ። «ፎቶዋ ያለው እሱ ላይ ነው። ሰዓቴም እሱ ነው። ለምን ራስህ መጥተህ አታየውም?»

ለምን አልሄድም? እማማ ፈለቀች ሲስቁ እልፍነሽን ይመስላሉ። ይሄው ነው ምክንያቱ። ሌላ አትፈልጉበት።


11. የግርጌ ማስታወሻ (ግርጌ ስላጣሁለት እዚህ አስገባሁት)

መጠባበቂያ ኮድ አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ነበረ። ስልክ ቢጠፋ የሚያገለግሉ ኮዶች በአንድ ገጽ ወረቀት አትሜ ለእልፍነሽ ሰጥቻት ነበር። ከወር በኋላ ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ አየሁትና ተቆጣሁ። ወረቀት እንደዚህ ይቀመጣል ወይ? አቃጥዪው አልኳት። ወጥ ቤት ወርዳ ከሰል ላይ አድርጋ አቃጠለችው፤ ተመልሳም «አቃጥያለሁ ጌታዬ» ብላ እጅ ነሳችኝ። እየቀለደችብኝ ነበር።

ሲም ካርዱንም ከስልኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በአርባዋ። የሟች ሲም ክፍት መቀመጥ የለበትም። ይሄም ከሥልጠናው ነው።


12. ሙከራዎች

ሁለተኛው። ማክሰኞ። አምስተኛው አኃዝ ላይ ሲደርሱ ኮዱ ተለወጠባቸው፤ የአሮጌውን ራስ በአዲሱ ጅራት ጨርሰው አነበቡልኝ።

አልተቀበለም።

ሦስተኛው። ልምምድ አደረግን። ሳላስገባ አሥር ጊዜ አስነበብኳቸው። በአሥራ አንድ ሴኮንድ አነበቡ። «አየህ? መሠረተ ትምህርት አንደኛ የወጣሁ እኮ ነኝ» አሉ።

አልተቀበለም።

አራተኛው። የይለፍ ቃሉን ተጠራጠርኩ። ፖስታውን እንደገና አውጥቼ ፊደል በፊደል አመሳከርኩ። ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ከሁለቱ ቁልፎች የትኛው እንደተሳሳተ አይናገርም። እንዳይናገር ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ለሌባ ፍንጭ እንዳይሆን።

አልተቀበለም።

አምስተኛው። ኪቦርድ ቀየርኩ።

አልተቀበለም።


13. ስድስተኛው

ለዚህ ለብቻው ቁጥር የሰጠሁት አፍሬበት ነው።

ሰዓቱን ጠረጠርኩ። ኮዱ ከሰዓት ነው የሚወጣው ብዬ የለም? ስልኩ ወደፊት ሄዶ ወይም ወደኋላ ቀርቶ ከሆነ ኮዱ ይሳሳታል። ይሄን ማንም ባለሙያ ያውቃል። ደወልኩ።

እኔ፦ እማማ፣ የእልፍነሽ ስልክ ስንት ሰዓት ይላል?

እማማ ፈለቀች፦ አራት ከሩብ።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። አራት ከሩብ ነው። ወረቀቴ ላይ «ሰዓት፦ ትክክል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

አስነበብኳቸው። አስገባሁ።

አልተቀበለም።


14.

ሰባተኛውን አላስታውስም።

አልተቀበለም።


15.

ከስምንተኛው በኋላ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ።

ከመታመሟ ሁለት ሳምንት በፊት እልፍነሽ «ኮዱን አንተም ስልክህ ላይ አድርገው» ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። አንድ ቁልፍ በሁለት ሰው እጅ ማደር የለበትም። እሷ የይለፍ ቃሉንም ኮዱንም ትያዝ፣ ኃላፊ ናት፤ እኔ ግን ሠራተኛ ነኝ፤ ሠራተኛ አያይም።

«አንተ እኔን አታምነኝም ማለት ነው?» አለች።

«ሥርዓቱ ማንንም አያምንም» አልኳት።

እንደዚህ ነው የመለስኩላት። ሚስቴ እኮ ናት! ካፖርቷን ለበሰችና ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መዝገቡ አንስታብኝ አታውቅም።

እና እንዲህ አሰብኩ፤ ሆስፒታል ተኝታ ቀየረችው። የይለፍ ቃሉን ቀየረችው፣ ወይም ቁልፉን። ተቀይማኝ ቆልፋብኝ ሄደች። ሥርዓቱ ማንንም የማያምን ከሆነ እኔንም ለምን ያምነኛል?

ይሄን ሳስብ ማዘን ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ብርድ ነበር።


16. ዘጠነኛው

ለምን እንደሞከርኩት አትጠይቁኝ። ምንም አዲስ ነገር አልነበረኝም። እታገኝ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰው ቀሚስ ጠርዝ ትሰፋ ነበር፤ በመስኮቱ አየኋትና እጄ ቁልፎቹን ነካ።

አልተቀበለም።

ቀሪ ሙከራ፦ 1


17.

ጠርቼ ነገርኳት። አንድ ብቻ ቀርቷል፣ ከተሳሳትን የአንቺ ብቻ ሳይሆን የሁለት መቶ ስድስቱም ይጠፋል፣ ስለዚህ አልሞክርም አልኳት። እንደ ማስታወቂያ ነው ያነበብኩላት።

መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰካች።

«ስልኩን በዓይንዎ አይተውታል?»

«በስልክ እየተነጋገርን ነው።»

«በዓይንዎ ነው ያልኩት ጋሼ።»

«ኮዱ ያው ነው፣ ባየው ባላየው...»

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋብኝ አታውቅም ነበር። «እትዬ እልፍነሽ ብትሆን ይሄኔ ሄዳ ነበር። በእግሯም ቢሆን! ሆሳዕና እኮ አምስት ቀን ነው የቀረው። እርስዎ ምን ሆነው ነው የማይሄዱት?»

ምን ልበላት? አማቴ ሲስቁ ሚስቴን ይመስላሉ ልበላት?

ሚኒባስ ተሳፈርኩ።


18. ደብረ ሲና ለመድረስ መመሪያ

በመስኮት በኩል ተቀመጥ። ጣርማ በር ላይ ጉም ከሆነ ዓይንህን ጨፍን። እልፍነሽ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ክንድህን ትይዝ እንደነበር አታስታውስ። ውረድ። ሙዝ ግዛ። በሩን አንኳኳ። «ማነው?» ሲሉህ ስምህን ተናገር። ሲያቅፉህ ቁም።

ዝም ብለህ ቁም።


19.

እማማ ፈለቀች ከስተዋል። አልሳቁም፤ ስለዚህ ምንም አልሆንኩም። አስቀመጡኝ። ዓቢይ ጾም አይደል፣ እህል አልቀመሱም ነበር። የተልባ ፍትፍቱ ተሠርቶ፣ ተከድኖ፣ ሰዓቱን ይጠብቃል። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዘይት መወደድ አወሩልኝ። እኔም እህ፣ እህ አልኩ።

ከዚያ ከቡፌው ላይ ስልኩን አንስተው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት።

«ዘጠኝ ሆነ፣ ተመስገን» አሉ። «ና እጅህን ታጠብና እንቅመስ።»

ስልኩን መሶቡ አጠገብ፣ ብርጭቆ አስደግፈው አቆሙት። የእልፍነሽ ፎቶ አለ። ከፎቶው በላይ በትልቁ፦

9:00

እኔም እንደ ልማዴ የእጅ ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ይላል። ኮምፒውተር ላይ ስለምውል ሰዓቴን በፈረንጅ ነው የምሞላው። ሦስት ይላል፤ ዘጠኝ ነው ማለት ነው። ልክ ነው።

ልክ ነው?

እንዴ!


20.

ሰዓቱን ከፈረንጅ ወደ አበሻ በቀን ስንቴ እንደምንቀይረው አስቡት። ሥራ መግቢያ፣ ቀጠሮ፣ ባንክ፣ አውሮፕላን። ስድስት እንደምራለን፣ ስድስት እንቀንሳለን፤ ሳናስበው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት የሠራሁ ባለሙያ «ስንት ሰዓት ይላል?» ብዬ ጠየቅኩ፤ «አራት ከሩብ» አሉኝ፤ ሰዓቴ አሥር ከሩብ ይል ነበር፤ ጭንቅላቴ ዝም ብሎ አራት ከሩብ ብሎ አነበበልኝ። ትክክል ብዬ ጻፍኩ! ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት!

ኮምፒውተር ግን አይቀይርም። ለእሱ ስልኩ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ዘጠኝ ጊዜ ያስገባሁት ኮድ ስድስት ሰዓት ያለፈበት ኮድ ነው።

«እማማ» አልኩ፣ «ይሄን ሰዓት ማን ሞላልዎት?»

«ስልክ ጠጋኙ ነዋ። ከአርባዋ በኋላ ሁለት ሳምንት ዘግቼ አስቀምጬው ሞቶ ነበር። ሲነሳ ሰዓቱ ተዛብቶ ተነሳ። አስተካክልልኝ አልኩት፤ በፈረንጅ ነው በአበሻ? አለኝ። በአበሻ ነዋ! አልኩት። እኔ ፈረንጅ ነኝ?»

«ቀኑንስ ነካው?»

«ቀን ለምኔ? ግድግዳው ላይ አለልኝ።» ስልኩ ላይ አየሁት፤ ቀኑ ልክ ነበር።

ሲሙ ቢኖርበት ሰዓቱ ራሱ ይስተካከል ነበር። ሲሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሁለት ወር ውስጥ አንዴ በር ላይ መጥቼ ብቆም ኖሮ አይቼው ይገባኝ ነበር። አልመጣሁም።

ይሄ ሁሉ ሲገባኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እልፍነሽ ምንም አልቀየረችም። ይሄን ነው ያሰብኩት። አልቆለፈችብኝም ይሆናል።

ይሆናል። አንድ ሙከራ ነው ያለኝ።


21.

«ሰዓቱን ልቀይረው ነው» ስላቸው ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

«ጾሜን በምን ልወቅ?»

የእጅ ሰዓቴን ፈታሁ። ዘወሩን ስቤ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አቆምኩትና እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። ማሰሪያው ሰፋቸው። ወስፌ አምጡልኝ ብዬ ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት። እጃቸውን ወዲያ ወዲህ እያሉ አዩት።

«ያምራል» አሉና ሳቁ።

እልፍነሽን መሰሉ። ቀና ብዬ ግን አየኋቸው። እስኪጨርሱ አየኋቸው።

ስልኩን ግን አልሰጡኝም። «እሱ ያለ እኔ የትም አይሄድም» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን ደርበው፣ ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ጡታቸው ሥር አድርገው፣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። ጣርማ በር ላይ ክንዴን ያዙ።


22. አሥረኛው

ሦስታችን ነን። የእልፍነሽ ቢሮ። እማማ ፈለቀች የልጃቸው ወንበር ላይ አልቀመጥም ብለው ቆመዋል። እታገኝ ግድግዳውን ተደግፋለች። የስልኩን ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር ሴኮንድ በሴኮንድ አመሳከርኩ። ሦስት ጊዜ። በፈረንጅ።

የይለፍ ቃል፦ ████████████████

«ራስዎ ያንብቡልኝ እማማ» አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም ማየት እችል ነበር።

መነጽራቸውን አደረጉ። «አዲስ እስኪመጣ ልጠብቅ» አሉ፤ ተምረዋል። መጣ። እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ተማሪ፣ ጮክ ብለው፣ አንድ በአንድ አነበቡ።

አስገባሁ።

ስድስቱም አኃዝ ገብተዋል፤ «አስገባ» የሚለው ቁልፍ ላይ ግን ጣቴ ቆመ። ሁለት መቶ ስድስት ሴቶች። ቃል የተገባላቸው። አሥራ ሰባት ሴኮንድ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይጫኑት» አለች እታገኝ።


23.

ተቀብሏል።


24.

አልቆለፈችብኝም።

ምንም አልቀየረችም። ሆስፒታል ተኝታም፣ ተቀይማኝም፣ እንደነበረ ትታልኝ ነው የሄደችው። እኔ ነኝ ያልመጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በአምስት ወሬ፤ ጮኼ። አፍንጫዬን በምን እንደምጠርግ አጣሁ። እማማ ፈለቀች ስልኩን የጠቀለሉበትን መሐረብ ሰጡኝ፤ «ይበቃል» አላሉኝም።


25.

መዝገብ ቁጥር 114ን ፈልጌ ጠቋሚው እላዩ ላይ ሲያርፍ ተነሳሁ። ወንበሩን ለእታገኝ ለቀቅኩላት። «ራስሽ ክፈቺው» አልኳት። እማማ ፈለቀችን ክንዳቸውን ይዤ ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዞርን።

እናንተም ዙሩ።




26.

አንድ ጊዜ ተጫነች። ከዚያ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ በለሆሳስ መቁጠር ጀመረች፤ አንድ ስም፣ ትንፋሽ፣ ሌላ ስም፣ ትንፋሽ። ስሞቹ እንዳይሰሙኝ አሳልኩ። እማማ ፈለቀችም ገብቷቸው ኖሮ አብረውኝ አሳሉ። ስንት ላይ እንዳቆመች አላውቅም።



«ጋሼ» አለች።

«አቤት።»

«ስሜን ያወጣችልኝ እሷ ናት። እኔ እኮ እዚህ ያወጡልኝ ይመስለኝ ነበር።»

ድምፅዋ ሲያለቅስ የነበረ ሰው ድምፅ ነው። ፊቴን አልመለስኩም።

«ለሽማግሌዎቹስ?» አልኳት።

«የምነግራቸውን እኔ አውቃለሁ።»

«ይዘጋ?»

«ይዘጋ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ይሄን እየጻፍኩ እንደሆነ ታውቅ ነበርና፣ «ያቺን የስሜን ነገር ይጻፏት። እሷን ብቻ።»


27.

መዝገብ ቁጥር፦ 114

የልጅ ስም፦ እታገኝ

ስም ያወጣላት፦ እናቷ

የእናት ስም፦